ሹመቱ አለፈ፣ ዘሩ ቀረ፦ የዕፅዋት ተመራማሪው የዊልሄልም ሺምፐር ሕይወት

በደባርቅና በዳባት ደጋ ድንች የማይተክል አርሶ አደር ማግኘት ያስቸግራል። ድንች ከገብስ፣ ከባቄላና ከስንዴ ጋር በአንድ ማሳ እየተፈራረቀ ይመረታል፤ ከእህል ቀድሞ ስለሚደርስም ጎተራ ሲጎድል የቤተሰብ መሸጋገሪያ ነው። ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ድንችን እንደ ገብስ ሁሉ ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የአገር ዘር አድርጎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ገብስ በእነዚህ ተራሮች ለረጅም ዘመናት ሲታረስ ኖሯል። ድንች ግን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን በአገራችን የእርሻ ታሪክ እንደተመዘገበው ያስገባው ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው።

ሺምፐር ለንግድም ሆነ ለጦርነት የመጣ ሰው አልነበረም። በኢትዮጵያ አርባ አንድ ዓመት ያህል ኖሯል። የሰሜንን ተራሮች በእግሩ ወጥቷል፤ አገር ተሹሞ አስተዳድሯል፤ ሹመቱን አጥቷል፤ ታስሯል፤ በመጨረሻም በዚሁ አገር አፈር ገብቷል። ዛሬ በግብርና ኮሌጆች ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት በጥቂት ቀላል ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፦ እዚህ ቦታ ምን ይበቅላል? ለምን እዚህ በቀለ? ቢጠፋ ምን ይተካዋል? ለልጅ ልጅስ እንዴት ይቆያል? ሺምፐር እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ሳይሆን በአቀበትና በቁልቁለት ሲመረምር የኖረ በመሆኑ የሕይወቱ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላትም ሆነ ለወረዳ አመራር ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጨት ቀራጭነት ወደ ዕፅዋት ጥናት

ዊልሄልም ሺምፐር ነሐሴ 1804 በደቡብ ጀርመን ኑርንበርግ ከተማ አጠገብ ላውፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወጣት ሳለ የተማረው ሙያ የእንጨት ቀረጻ ነበር፤ ከዚያም በወታደርነት አገለገለ። ወደ ሳይንስ የገባው ዘግይቶ ሲሆን ለዚህም መንገድ የከፈተለት ታላቅ ወንድሙ ካርል ነበር። ካርል ሺምፐር የዕፅዋት ምሁር ከመሆኑም በላይ በ1837 የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ይህም ማለት በጥንት ዘመን ምድር እጅግ ቀዝቅዛ ብዙ ተራሮችና አገሮች በግግር በረዶ ተሸፍነው ነበር የሚለው ሐሳብ ነው። ታናሽየው ዊልሄልም ኢትዮጵያ የገባው በዚያው በ1837 መሆኑ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። በኋላ ዘመን የመጡ ተመራማሪዎች በራስ ደጀን፣ በቧሂትና በስልኪ ተራሮች ላይ ባደረጉት ጥናት የጥንቱ ግግር በረዶ እየገፋ የከመረውን ድንጋይና አፈር አግኝተዋል። ወንድሙ በአውሮፓ የተናገረለት ዘመን ታናሹ በወጣባቸው ተራሮች ላይም አሻራውን ትቶ ነበር ማለት ነው።

ሺምፐርን ወደ ውጭ አገር የላከው ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ በ1820ዎቹ የተቋቋመ የጉዞ ማኅበር ነው። የማኅበሩ አሠራር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሆክስቴተር የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰውና መምህር፣ እንዲሁም ሽቶይደል የተባለ ሐኪም ተባብረው አባላትን መለመሉ። እያንዳንዱ አባል ዕጣ ይገዛል፤ በተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ከዚያ የሚመጣው ደረቅ የዕፅዋት ናሙና ደግሞ ለአባላቱ እንደ ዕጣቸው መጠን ይከፋፈላል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ይሠራዋል። ይህ አሠራር በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመ ወደ መጨረሻው እናያለን።

ሺምፐር በዚህ መንገድ መጀመሪያ ወደ አልጄሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ዓረቢያ ተጓዘ። የጉዞ ጓደኛው ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞተበት። እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በ1837 መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ አድዋ ደረሰ።

በደጃዝማች ውቤ አገር

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሰሜንንና ትግራይን ያስተዳድሩ የነበሩት የሰሜኑ ተወላጅ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ ከመቀመጫዎቻቸው አንዱ በሰሜን ተራሮች ውስጥ የሚገኘው እንጨትካብ ነበር። ያለ እሳቸው ፈቃድ የውጭ ሰው በአገሩ ሊዘዋወር አይችልም። ሌሎች አውሮፓውያን ከአገር በወጡበት ጊዜም ሺምፐር እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ የዕፅዋት ሥራውንም ቀጠለ። ከአድዋ ተነስቶ ተከዜን እየተሻገረ ወደ ሰሜን ወጣ፤ በእንጨትካብ አካባቢና በቧሂት ተራራ ላይ ዕፅዋትን ሰበሰበ።

የሥራው ዓይነት ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ተክል ሲገኝ የሚበጀው ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከተቻለም ከነፍሬው መውሰድ ነው። ተክሉ በወረቀት መካከል ተዘርግቶ ከላይ ክብደት ይጫንበታል። ወረቀቱ እርጥበት በሳበ ቁጥር በደረቅ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ይሻግታል። በክረምት፣ ጉም ቀኑን ሙሉ በማይለይበት በሰሜን ተራራ ላይ ወረቀት ማድረቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ከደረቀ በኋላ ከየት ቦታ፣ መቼ፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደተገኘ በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፍለታል። የአገሩ ሰው የሚጠራበት ስምና ጥቅሙም በብዙዎቹ ላይ ተጨምሯል። ከዚያ በኋላ በአጋሰስ ተጭኖ ምጽዋ ይወርድና በመርከብ ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ሺምፐር ይህን ሥራ ለአሥርት ዓመታት እየሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ልኳል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሳይንስ ዓለም ካሳወቁት ሰዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ የሆነውም በዚህ ነው።

ከላካቸው ወይም በስሙ ከተጠሩት ዕፅዋት መካከል የደባርቅና የዳባት ቤተሰብ በየቀኑ የሚያውቃቸው አሉ። ለሻይና ለቅመም የምንጠቀምበት ጦስኝ በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራው በሺምፐር ስም ነው። ይህ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላው ዓለም በተፈጥሮ አይበቅልም። በችግር ጊዜ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ሳማም በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የሰሜንን ስም ይዟል፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ነው። አንድ ሰው በደጃፉ የሚረግጠው ሳማ በዓለም መዝገብ ላይ የአገሩን ስም ይዞ መገኘቱን ሲያውቅ ለአካባቢው ያለው አመለካከት መለወጡ አይቀርም።

ለምን እዚህ በቀለ?

ከሊማሊሞ ሥር ካለችው ከድብ ባሕር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው የአየር ለውጡን በቆዳው ያውቀዋል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቧሂት ደግሞ ከ4,400 ሜትር በላይ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ናቸው። በአማካይ አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ቧሂት ጫፍ ላይ ያለው ሙቀት ደባርቅ ላይ ካለው በአሥር ዲግሪ ገደማ ያነሰ ነው። አርሶ አደሩ ይህንን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ከጥንት ጀምሮ ከፍሎታል። ማሽላ የሚወድደው ሙቀት ለገብስ አይስማማም፤ ገብስ የሚችለውን ብርድ ጤፍ አይችለውም። ከገብስ ማሳ በላይ ውጨናው፣ ከውጨናው በላይ ጓሳውና ጅባራው ይመጣሉ።

ሺምፐር ተክልን ከነቦታው ሲመዘግብ ያደረገው ይህንኑ ነው። የተክሉ ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስሙ ከቦታው፣ ከመሬቱ ዓይነትና ከአጠቃቀሙ ጋር ሲያያዝ ግን ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ዕውቀት ይሆናል። የአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያው ትምህርትም ይኸው ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአፈሩ፣ ከውኃው፣ ከብርዱና ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ይኖራል፤ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል። ገደላማው ተዳፋት ሣሩና ቁጥቋጦው ተነቅሎ ሲታረስ አፈሩ ይታጠባል፤ አፈሩ ሲታጠብ ምንጩ ይደርቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ ከታች ያለው የመስኖ ማሳ ይጎዳል። ጉዳቱ ከተራራው አናት ተነስቶ ድብ ባሕር ድረስ ይወርዳል።

ሹመትና ውድቀት

ሺምፐር በአገሩ እየተለመደ ሄደ። ኢትዮጵያዊት ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም በአድዋ አቅራቢያ ያለችውን የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። በጀርመን እንጨት ሲቀርጽ የነበረ ሰው በትግራይ ግብር የሚያስገባና ዳኝነት የሚያይ ሹም ሆነ።

በዚያው ዘመን ደጃዝማች ውቤ በሰሜን፣ ዛሬ ጃን አሞራ በሚባለው ወረዳ፣ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የእጅ ሙያ የነበረው ሺምፐርም በሥራው ተሳትፏል። ውቤ ይህንን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡበት እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ገጥመው ውቤን ድል አደረጉ። ከሁለት ቀን በኋላም በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቦታ ሌላ ሰው ነገሠበት። እሳቸውም ታስረው ቆይተው በ1867 ሞቱ።

የጌታው መውደቅ የሺምፐርም መውደቅ ነበር። የእንትጮ ሹመቱና ከሹመቱ ጋር ያገኝ የነበረው ገቢ ቀረ። ዕድሜው ሃምሳ አልፏል፤ ወደ አገሩ ቢመለስ የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን ከቤተሰቡ ጋር በኢትዮጵያ ቆየ።

የድንች መምጣት

ሺምፐር ለኢትዮጵያ ገበሬ ትልቁን ነገር የሰጠው ሹም ሳለ ሳይሆን ሹመቱን ካጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ድንቹ በ1858 ገባ።

የድንች የትውልድ ቦታ ደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም የዛሬዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ የሚገኙበት የአንዲስ ተራሮች ናቸው። እነዚያ ተራሮችም እንደ ሰሜን ተራሮች በምድር ወገብ አካባቢ ያሉ ከፍተኛ ቦታዎች ናቸው፤ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ድንች ከመሬት በታች ፍሬውን የሚያሰፋው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊቱ ከሞቀ ቅጠሉ ብቻ ይለመልማል። ስለዚህ ለአንዲስ የተስማማው ተክል ለደባርቅና ለዳባት ደጋ መስማማቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተክልን ከነቦታው ሲመዘግብ ለኖረ ሰው ይህንን ማየት አስቸጋሪ አልነበረም።

ሆኖም ገበሬው አዲሱን ዘር ወዲያው አልተቀበለውም። ይህም የሚያስወቅስ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰብ የሚመግብበት መሬት ያልታወቀ ነገር መሞከሪያ አይሆንም። ድንች ለአሥርት ዓመታት በዝግታ ሲስፋፋ ቆይቶ በሰፊው የተተከለው በዘመኑ መጨረሻ በመጣው ረሃብ ምክንያት ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ የከብት ወረርሽኝ ገብቶ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ይህ ረሃብ ከ1888 እስከ 1892 ቆየ። በሬ ያለቀበት ቤት ማሳውን ማረስ ሲያቅተው በዶማ ጓሮ ቆፍሮ የሚተክለው ሰብል ትልቅ ዋጋ ነበረው። ሺምፐር ግን ይህንን አላየም፤ ክፉ ቀን ሲጀምር እሱ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ይህ ማለት ግን ድንች ሁልጊዜ አዳኝ ነው ማለት አይደለም። ሺምፐር ዘሩን ከማምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1845 እስከ 1852 ባለው ጊዜ፣ አየርላንድ በምትባለው የአውሮፓ አገር ከባድ ረሃብ ደርሶ ነበር። የአየርላንድ ደሃ ገበሬ ከዓመት እስከ ዓመት የሚኖረው በድንች ብቻ ሲሆን አብዛኛው የሚተክለውም አንድ ዓይነት ዝርያ ነበር። ሌት ብላይት የሚባለው የድንች ምች ሲመጣ የአንዱ ማሳ ጠላት የሁሉም ማሳ ጠላት ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የማያንስም ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። አንድ ተክል በአንዱ አገር ሕዝብን ሲያተርፍ በሌላው አገር ሕዝብ ያለቀው ተክሉ ስለተለወጠ አይደለም። ልዩነቱ ገበሬው ከእሱ ሌላ የሚደገፍበት ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይኸው ምች ዛሬም በእኛ ደጋ በክረምት ይገባል። የሆለታ ምርምር ማዕከል በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉዳኔን፣ በ2009 በለጠን ለአርሶ አደሩ ያወጣው፣ የአዴት ምርምር ማዕከልም ጓሳ የተባለውን ዝርያ የለቀቀው በሽታን መቋቋምንና ምርታማነትን በአንድ ላይ በመፈለግ ነው። ነገር ግን የተሻለ ዝርያ ተገኘ ብሎ መንደሩ በሙሉ እሱን ብቻ ቢተክል የአየርላንድን መንገድ መከተል ይሆናል። በሽታው ራሱን ይለውጣል፤ ትናንት የተቋቋመው ዝርያ ነገ ሊሸነፍ ይችላል። ሁለትና ሦስት ዝርያ አዳርሶ መትከል፣ ድንችን ከገብስና ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ፣ በድንች ማሳ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ አለማስከተል፣ ከታመመ ማሳ ዘር አለመያዝ፣ የዘር ድንቹንም ቀጥተኛ ፀሐይ ሳያገኘው ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ማቆየት፤ እነዚህ ሁሉ የልማት ሠራተኛ ዘወትር የሚናገራቸው ምክሮች ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚነሱ ናቸው።

ከመቅደላ እስከ አድዋ

የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ ለሺምፐርም የመከራ ጊዜ ነበር። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ በአገሩ ያሉ አውሮፓውያን ሲያዙ እሱም አልቀረለትም። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ሲደርስ ከተለቀቁት መካከል ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ፤ የእንግሊዝ ጦርም የተለቀቁትን አውሮፓውያን ይዞ ከአገር ወጣ።

ሺምፐር ዕድሜው ስልሳ አልፎ ሳለ ከጦሩ ጋር የመውጣት ዕድል ነበረው። እሱ ግን ወደ አድዋ ተመለሰ። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ ስለ መሬቱ አቀማመጥና ስለ አፈሩ የሚያውቀውን በጽሑፍ አደራጀ፤ ካርታም ሣለ። ከእነዚህ ጽሑፎች ከፊሉ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተጠብቆ ቆይቶ በእኛ ዘመን ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። ሺምፐር በጥቅምት 1878 አድዋ ላይ አረፈ።

ስለ እሱ ሲነገር ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። መንገድ የመሩት፣ አጋሰስ የጫኑት፣ የተክሉን ስምና መድኃኒትነት የነገሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ስም ግን በዓለም መዛግብት ላይ እምብዛም አይገኝም። ተክሉ በሰብሳቢው ስም ሲጠራ ዕውቀቱን የሰጠው ገበሬ ሳይታወቅ ቀረ። ዛሬ ይህ በሕግ ተለውጧል። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው የአገሪቱን ዘር ያለ ፈቃድ እንዳያወጣ ይከለክላል፤ ከዘሩና ከዕውቀቱ ጥቅም ሲገኝም ማኅበረሰቡ ተካፋይ እንዲሆን ይደነግጋል። የወረዳና የቀበሌ አመራር ይህንን አዋጅ ማወቅና ማስከበር ይጠበቅበታል።

በብዙ ጎተራ የተቀመጠ ዘር

ሺምፐር ከላካቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ በበርሊን የዕፅዋት ሙዚየም ይገኙ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጋቢት 1 ቀን 1943 ሙዚየሙ በአውሮፕላን ቦምብ ተመትቶ ተቃጠለ፤ የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ሁሉም ናሙና በርሊን ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሺምፐር ሥራ በዚያው ያበቃ ነበር። ያዳነው ያ የኤስሊንገን ማኅበር የጀመረው አሠራር ነው። የአንዱ ተክል ናሙና በብዙ ቅጂ ተሰብስቦ ለባለ ዕጣዎቹና ለተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች ተከፋፍሎ ስለነበር በበርሊን የጠፋው በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎችም ቦታዎች ተገኘ። በ1980 የተጀመረውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የመሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ዝግጅት በ2009 በስምንት ቅጽ ሲጠናቀቅ የሺምፐር ናሙናዎች ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ መካከል ነበሩ።

ለዘር ጉዳይም ሕጉ ያው ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአገሪቱ የዘር ባንክ፣ በአጋጣሚ በሺምፐር አገር በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተመሠረተ ሲሆን የገብስን፣ የስንዴን፣ የጤፍንና የሌሎችንም የአርሶ አደር ዝርያዎች ሰብስቦ ይጠብቃል። የገብሳችን ዝርያ ብዛት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በተስፋፋ ጊዜ መቋቋሚያው የተገኘው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ ነው። ያንን ገብስ በዘመናት መካከል መርጦ ያቆየው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው።

ባንክ ውስጥ ያለ ዘር ግን በቀዝቃዛ ክፍል የሚጠበቅ እንጂ የሚለወጠውን የአየር ጠባይ የሚለማመድ አይደለም። ይህ ልምምድ የሚገኘው በየዓመቱ በማሳ ላይ ሲዘራ ነው። የአየሩ ጠባይ መለወጡ ደግሞ ለሰሜን ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የበረዶ ዘመን ካለፈ ወዲህ ብርድ ወዳድ ዕፅዋት ወደ ላይ እየሸሹ ጅባራና ጓሳ በተራሮቹ አናት ላይ ቀርተዋል። ሙቀቱ ከጨመረ ገብሱ፣ ውጨናውና በሽታው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከአናቱ በላይ ግን ለጅባራው መሸሻ መሬት የለም። በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዋልያውና ከቀይ ቀበሮው ጋር ይህንንም የመጨረሻ መጠለያ ይጠብቃል።

የሺምፐር የእንትጮ ሹመት ዛሬ በጥቂት የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ካልሆነ አይገኝም። በትንሽ ወረቀት ላይ የጻፈው የቦታ ስምና ያስገባው የድንች ዘር ግን አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። አንድ አባል የአያቱን ገብስ በጆንያ ሲያስቀምጥ የዝርያውን የአገር ስም፣ የታጨደበትን ቦታና ዓመት በወረቀት ጽፎ ቢያኖርበት፣ ከዚያም ጥቂቱን ለጎረቤት፣ ጥቂቱን ለማኅበሩ መጋዘን ቢሰጥ ወጪው ከአንድ እርሳስ አይበልጥም። ውርጭ ወይም በሽታ የአንዱን ማሳ በመታ ዓመት ዘሩ የሚገኘው በዚያ በተከፋፈለው ጎተራ ነው።